ኮላና ከረባት

[አምቦ፤ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ። የከተማው ሥራ ፈላጊ በየጠዋቱ ሳይሳለመው የማያልፍ ሰሌዳ ነው። ፊራኦል ከረባቱን አሳምሮ አስሮ፣ አንገቱን አስግጎ ያነባል። ምስኪን፣ በማኔጅመንት ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ዓመት ከረመና ባለፈው ወር ባዶ እጁን ተመለሰ። ባዶ እጁን ይሁን እንጂ አፉ ምክር ሞልቶታል። አጠገቡ የድሮ የክፍል ጓደኛው ሆርዶፋ፣ የካቺሲ ልጅ፣ የኮላ ባልዲና ብሩሽ ይዞ አንድ ወረቀት ይለጥፋል። ሆርዶፋን ክፍል ውስጥ “ቀስ በቀስ” ነበር የሚሉት፤ ስሙን ያወጣለት ደግሞ ፊራኦል ራሱ ነው።]

ፊራኦል፦ አንሳ! እጅህን አንሳ! የማነበውን እኮ ነው የሸፈንክብኝ!

ሆርዶፋ፦ ቀኑ አልፎበታል።

ፊራኦል፦ ቢያልፍበትስ? ያለፈበት አይነበብም ያለው ማነው?

ሆርዶፋ፦ ያለፈበትን ሥራ አንብበህ ምን ልታደርገው?

ፊራኦል፦ ገበያ ማጥናት ይባላል! አንተ ኮላ መቀባት እንጂ ገበያ የት ታውቅና!

ሆርዶፋ፦ ኧረ አውቃለሁ። ካቺሲ ስንት በግ ሸጫለሁ።

ፊራኦል፦ የሥራ ገበያ ነው የምልህ!

ሆርዶፋ፦ እሱም ያው ነው። ጥርስህን ያያሉ፣ ላትህን ይዳስሳሉ፣ “ዞረን እንመጣለን” ብለው በዚያው ይጠፋሉ።

[ፊራኦል ሊስቅ ነበር፤ ነገሩ የደረሰበት መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።]

ፊራኦል፦ ሆርዶፋ፣ የእውነት ታሳዝነኛለህ። ዲግሪ የያዘ እጅ ባልዲ ይይዛል? ለመሆኑ ማነው ይሄን የሚያስለጥፍህ? ምሳ እንኳን ያበሉሃል?

ሆርዶፋ፦ አንዳንዴ ለንሳ ሽሮ ታመጣለች።

ፊራኦል፦ ለንሳ ደግሞ ማናት?

ሆርዶፋ፦ አለቃዬ።

ፊራኦል፦ ዘንድሮ የባልዲ ተሸካሚም አለቃ አለው! በል ነገ ና፣ ሲቪህን አብረን እንሠራለን።

ሆርዶፋ፦ ነገ አይመቸኝም። የዓመት ፈቃዴ ነው፣ ካቺሲ እወርዳለሁ።

ፊራኦል፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] የዓመት ፈቃድ! አንተ ሞኝ፣ ፈቃድ የሚወጣው እኮ ሥራ ያለው ሰው ነው! ከማን ነው ፈቃድ የጠየቅከው፣ ከእናትህ?

ሆርዶፋ፦ ከእሷም ጠይቄያለሁ። ቶሎ ና ብላኛለች።

ፊራኦል፦ ኧረ ዋቃ፣ ፈጣሪዬ! ቁም፤ ቃለ መጠይቅ ላለማምድህ። እኔ ቀጣሪ ነኝ። “ድክመትህ ምንድነው?”

ሆርዶፋ፦ ዘገምተኛ ነኝ።

ፊራኦል፦ አይባልም! “ሥራ ከያዝኩ ምሳ መብላት እረሳለሁ” ነው የሚባለው።

ሆርዶፋ፦ ውሸት ነዋ። እኔ ምሳ ረስቼ አላውቅም።

ፊራኦል፦ “ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትደርሳለህ?”

ሆርዶፋ፦ እዚሁ። ሰሌዳው ካልወደቀ።

ፊራኦል፦ “ለምን እንቅጠርህ?”

ሆርዶፋ፦ ሰው ስላጣችሁ።

ፊራኦል፦ አምላኬ ሆይ ትዕግስቱን ስጠኝ! እሺ፣ መጨረሻ ላይ “እንደውልልሃለን” ሲሉህስ?

ሆርዶፋ፦ ስልኬን ቻርጅ አደርጋለሁ።

ፊራኦል፦ በቃ ሞተሃል! “እንደውልልሃለን” ማለት “ደህና ሰንብት” ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አዲስ አበባ ስልኬን ታቅፌ ነው የከረምኩት። ገላዬን ስታጠብ እንኳ ሳሙናው አጠገብ ነበር። ከእናቴ በቀር የደወለልኝ የለም።

[ሆርዶፋ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ።]

ሆርዶፋ፦ አይዞህ። አንድ ቀን ይደወልልሃል።

ፊራኦል፦ [ደረቱን ነፍቶ] ማን አይዞህ በለኝ አለህ? ተደውሎልኛል! እዚሁ አምቦ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም፣ ገንዘብ ያዥ! ፈተናውን አንደኛ ወጥቼ ነው ያለፍኩት።

ሆርዶፋ፦ እልልል! እንኳን ደስ አለህ! ታዲያ ሰሌዳ ላይ ምን ተከልክ?

ፊራኦል፦ [ደረቱ እየሟሸሸ] ዋስ አጣሁ።

ሆርዶፋ፦ ዋስ?

ፊራኦል፦ ዋስ! ገንዘብ ያዥ ያለ ዋስ አይቀጠርም። ዛሬ ማታ ቢሮ ሳይዘጋ ካላቀረብኩ ተጠባባቂውን ይጠራሉ። ሦስት ዓመት ተምሬ የለፋሁበት በአንድ ፊርማ ሊቀር ነው፣ ገባህ?

ሆርዶፋ፦ ቀስ በቀስ እየገባኝ ነው። ዘመድ የለህም?

ፊራኦል፦ ዘመድማ ሞልቷል! ጊንጪ ያለው አጎቴ ኦቦ ሌታ፣ አስተማሪው፣ ድሮ ለአንዱ ዋስ ሆኖ ልጁ ሲጠፋ በሬውን ሸጦ ከፈለ። አሁን “ዋስ” የሚለውን ቃል ሲሰማ በረቱን ነው ሄዶ የሚዘጋው። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋን አክስቴን ሽታዬን ለመንኩ፤ “ልጸልይበት” አለችኝ፤ ይኸው እስካሁን እየጸለየች ነው። ያከራዩኝ ጋሼ ብዙነህ ደግሞ “የግቢ በር መዝጋት የሚረሳ ልጅ ካዝና ይዘጋል ብዬ አልፈርምም” አሉ።

ሆርዶፋ፦ እውነታቸውን ነው፤ ዶርም እያለንም አትዘጋም ነበር።

ፊራኦል፦ አንተን ማን ጠየቀህ!

ሆርዶፋ፦ እኔ ግን ልጠይቅህ። ዋስ የሚሆነው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ፊራኦል፦ ቋሚ ሠራተኛ! ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ! ላንተ ማስረዳት ወንፊት ላይ ውሃ ማቆር ነው።

ሆርዶፋ፦ እኔ ብሆንህስ?

ፊራኦል፦ [ለአላፊ አግዳሚው ጭምር እየተናገረ] ስሙልኝ ጎበዝ! ባልዲ ለካዝና ዋስ ልሁን አለ!

[ሆርዶፋ አልተቀየመም። የጃኬቱን ዚፕ ቀስ ብሎ ከፈተና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ መታወቂያ አወጣ።]

ሆርዶፋ፦ ኮላ እንዳይነካው ብዬ ውስጥ ነው የማደርገው።

ፊራኦል፦ [ያነባል። ደግሞ ያነባል።] የወረዳ አስተዳደር… ተላላኪ… ሆርዶፋ፣ ይሄ አንተ ነህ?

ሆርዶፋ፦ ኤዬ። ፎቶው ላይ ፀጉሬ በዝቶ ነው እንጂ።

ፊራኦል፦ ቋሚ?

ሆርዶፋ፦ የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ ቆየሁ እኮ። ደብዳቤ የምትጽፈው ለንሳ ናት፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ቢሮዋ እዚያ ማዶ ነው።

ፊራኦል፦ መቼ ተቀጠርክ? ማን ነገረህ?

ሆርዶፋ፦ አንተ ነሃ! አምና ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ “ተላላኪ ይፈለጋል” የሚለውን አነበብክልኝና “ሆርዶፋ፣ ይሄ በልክህ የተሰፋ ነው” አልከኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ የሳቁት ደስ ብሏቸው መስሎኝ ሄጄ ተመዘገብኩ። ለዚህ ውለታህ አንድ ቀን አመሰግነዋለሁ ስል ነው የከረምኩት።

[ፊራኦል አፈረ። ያን ዕለት ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር። ከረባቱን ፈታ አደረገው።]

ፊራኦል፦ ኦቦሌሳ ኮ… ወንድሜ… ኦቦ ሆርዶፋ… ማሎ፣ እባክዎ፣ ይፈርሙልኝ!

ሆርዶፋ፦ “አንተ” በለኝ፣ ሰው ያየናል። ግን ዋስነት ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም በሬ አለኝ። መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ አለ። ድክመትህ ምንድነው?

ፊራኦል፦ ሥራ ከያዝኩ ምሳ መብላት…

ሆርዶፋ፦ ውሸቱን ተወው፤ ዶርም እያለን ምሳ ወረፋ ይዤ የማበላህ እኔ ነበርኩ።

ፊራኦል፦ [አንገቱን ደፍቶ] ሰው እንቃለሁ። በር መዝጋትም እረሳለሁ።

ሆርዶፋ፦ ለምን ዋስ ልሁንህ?

ፊራኦል፦ ሰው ስላጣሁ።

ሆርዶፋ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ጨርሰናል። እንደውልልሃለን።

ፊራኦል፦ ሆርዶፋ! ሆርዶፋ፣ እንደሱ አትበለኝ! ዋቃ ያየሃል!

[ሆርዶፋ ዞር ብሎ ሳያይ ባጃጆቹን አሳልፎ መንገዱን ተሻገረ። ፊራኦል ሰሌዳውን ተደግፎ ቀረ። የሚሄድበት ቢሮ፣ የሚለምነው ዘመድ አልቆበታል፤ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ብቻ ያስባል። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ከኪሱ ሊያወጣ ሲጣደፍ ሊጥለው ምንም አልቀረው።]

ፊራኦል፦ ሃሎ! ሃሎ፣ ማን ልበል?

ሆርዶፋ፦ [ማዶ፣ የወረዳው በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ] ጤና ይስጥልኝ። ፊራኦል ነህ?

ፊራኦል፦ ኤዬ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!

ሆርዶፋ፦ አልፈሃል። ለንሳ ለምሳ ሳትወጣ ደብዳቤውን እናስጽፋለን። የሙከራ ጊዜህ ግን ከአሁን ይጀምራል፤ ባልዲዬን እግርህ ሥር ረስቼዋለሁ፣ ይዘህልኝ ና።

[ፊራኦል ቁልቁል አየ። ባልዲው እውነትም አለ። ዓይኑን እየጠረገ፣ እየሳቀ አንጠልጥሎት መንገዱ ዳር ደረሰና ቆመ።]

ፊራኦል፦ [በስልኩ] ሆርዶፋ፣ ከረባቴን ኮላ ቢነካብኝስ?

ሆርዶፋ፦ ውስጥ አድርገዋ! ደግሞ ስትመጣ የባልዲውን ክዳን ዝጋ፤ ዋስህ እያየህ ነው።