አጥር የሆኑት ስልክ ቁጥሮች

ከሮቤ አሰላ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው የቦታ ጥበት አያስጨንቀውም። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተቀምጠን፣ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ ሲለን አምስተኛውንም በግማሽ መቀመጫው አሳፍረን እንሄዳለን። ኤክሴል የሚሉት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ግን መጠጋጋትን የት ይወቅ? ረጅም ቁጥር ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስታስገቡበት፣ ቁጥሩን ጭራሽ ይደብቅና በቦታው #### ይደረድርላችኋል። ኩራቱ ጉድ ነው።

ይህን ጠባዩን ያወቅሁት ዲክሲስ አካባቢ ባለ አንድ መንደር ነው። አሰላ በሚገኝ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ የምርጥ ዘር ሠራተኛ ነኝ። ክረምቱ ሲገባ የአርባ ገበሬዎች የገብስ ዘር በአይሱዙ ጭኜ ልነሳ ስል፣ አለቃዬ ሰዎቹን ማን ይጠራልሃል ብሎ ሰጋ። መኪናው ከስድስት ሰዓት በኋላ ጮሌ ለሚባለው ወረዳ ጭነት ተይዟል። እስከዚያ ካልተረከቡ ዘሩ ወደ መጋዘን ይመለሳል፣ የመዝሪያው ጊዜም ያልፍባቸዋል። እኔ ሆዬ ደረቴን ነፍቼ፣ በዚህ ዘመን ይሄም ሐሳብ ሆነ እንዴ፣ የሁሉም ስልክ እጄ ላይ ነው አልኩት። ባልደረባዬ መዝግባ ያስቀመጠችውን ዝርዝር አተምኩና ሳላየው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

መንደሩ ደርሼ፣ አዴ ሙና የሚባሉ እናት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስሞቹ ቁልጭ ብለዋል። ከስሞቹ ጎን ግን ከላይ እስከ ታች #### ብቻ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ቢሮ ብደውል መብራት ጠፍቷል አሉኝ። ሰዓቱ ደግሞ አራት አልፏል።

አዴ ሙና ሻይ አቀረቡልኝና፣ ምን ሆነህ ነው ልጄ ብለው ወረቀቱን ወሰዱ። የሰዎቹ ስልክ ቁጥር ነው ብላቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ደጋግመው አዩት። ይሄማ አጥር ነው አሉ። ደግሞስ ቁጥሩ ታይቶህ ብትደውል ያው አልነበር? አሉኝ። በሥልጣኔ ላይ የተሰነዘረ ንቀት መሰለኝ። ለእናት መልስ አይሰጥም ብዬ እንጂ የምለው ነበረኝ።

እሳቸው ግን ስሞቹን አንብብልኝ አሉ። አንድ ስም በጠራሁ ቁጥር ኤዬ፣ አዎ እንደማለት፣ እያሉ፣ ደጃፍ ወጥተው ላገኙት ባለ ጋሪ ሁሉ በኦሮምኛ መልእክት ያስይዛሉ። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ በፈረሱም፣ በጋሪውም፣ በእግሩም የሰው ጎርፍ መጣ። አርባዎቹም ፈርመው ተረከቡ። አንድ አዛውንት ገብሱን ዘግነው በመዳፋቸው እያገላበጡ ሲስቁ ሳይ እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ።

በማግሥቱ አሰላ ቢሮ ስገባ መብራት መጥቷል። ባልደረባዬ በማውሱ የሳጥኑን ጠርዝ ሁለቴ ጠቅ ስታደርገው ዓምዱ ሰፋና ቁጥሮቹ ብቅ አሉ። አርባውም መስመር ላይ ያለው ያው አንድ ቁጥር ነው። ምንድን ነው ይሄ ብላት፣ ምን ላድርግ፣ በመንደሩ ኔትወርክ የሚይዘው ይሄ ስልክ ብቻ ነው እያሉ ሁሉም እሱኑ አስመዘገቡ አለችኝ።

ደወልኩ። አዴ ሙና አነሱት። ድምፄን ለዩና፣ አጥሩ ፈረሰልህ ወይ አሉኝ።