የመዝጊያ ዱዓ

በየቤተዘመዱ ገና ሳይቀመጥ የሚነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለቡታጅራው ዘመድ አዝማድ የደረሱት ክቡር ጋሽ ዑመይር ናቸው። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን የሚያወልቁት ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው ነው፤ መኪናቸውንም እንደዚያው ወደ መጡበት አዙረው ያቆማሉ። ከዚያ «እንዳይመሽብን!» ይላሉ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ።

መሳሪያቸው ዱዓ ነው። በአገሩ ትልቅ ሰው የመዝጊያውን ዱዓ ካደረገ በኋላ ተቀምጦ የሚቀር የለም። ጋሽ ዑመይር ታዲያ ክትፎው ሳይቀርብ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቆሼ ከተማ፣ የእህታቸው ልጅ ኒካህ ላይ፣ ሙሽራው ሳይደርስ መርቀው ሰዉን በትነውታል።

ሚስታቸው ናጃህ ከእሳቸው ጋር ያላየችው አገር የለም፤ ሁሉንም ያየችው ግን በመኪና መስኮት ነው። ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ጉማሬ በዓይኗ ማየት። ከወልቂጤ አልፈው፣ ጉማሬ ከሚገኝበት ፓርክ አፋፍ ላይ ወዳለችው የተራራ ከተማ ወጡ። ወንዙን ቁልቁል ከሚያሳየው የሎጁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ።

«ጉማሬዎቹ የሚወጡት ጀንበር ስትጠልቅ ነው» አለ አስተናጋጁ።

ጋሽ ዑመይር ሰማዩን አዩ። የመኪና ቁልፋቸውን አንቀጫቀጩ። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሱ። ሻዩ ሳይጋመስ እጃቸው መዘርጋት ጀመረ።

የናጃህ ደም ፈላ። ዛሬም? ቀድማቸው እጇን ዘረጋች።

«የራምዚ አባት፣ ዛሬ እኔ ላድርግ።»

ዱዓ አይከለከል ነገር! «አድርጊ፤ ግን አሳጥሪው» አሉ።

ለልጆቻቸው ለመነች። ለቡኢ ዘመዶች፣ ለቆሼ ዘመዶች፣ በየስማቸው። ለጎረቤቷ ለዘይባ ወገብ፣ ቀጥሎም ለዘይባ ላም። ለዝናቡ፣ ለአስፋልቱ። የጋሽ ዑመይር እግር ከጠረጴዛው ስር ይርገፈገፋል። «አሚን፣ አሚን፣ በቃ አሚን!» ይላሉ፤ ዱዓ ሳያልቅ ግን እጅ አይወርድም።

ጀንበሯ ጠለቀች። ከወንዙ አንድ ጥቁር ጀርባ ብቅ አለ፤ ሌላም ተከተለ፤ ከዚያ ግዙፉ ጉማሬ እየተንገዳገደ ወደ ሣሩ ወጣ። ናጃህ እንባዋ መጣ። ወደ ባሏ ዞር ስትል፣ እጃቸውን እንደዘረጉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አንጀቷን በሉት።

«ያ ረቢ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ ሰው ከሁሉም ቤት ቀድሞ ይነሳል። ከእኔ ቤት ግን ቀድሞኝ እንዳይነሳብኝ።»

ጋሽ ዑመይር ሳይቸኩሉ «አሚን» አሉና በእጃቸው ፊታቸውን አበሱ። ዱዓው አልቋል፤ መነሳት ይቻላል።

አስተናጋጁን ጠሩት።

«ልጄ፣ እስቲ ሻዩን ድገመን።»