ላምቦሬን ያስቀረው ምስጋና

ጎበዝ ሠራተኛ እንዴት እንደሚቆይ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በደርግ ጊዜ ሸኮ ላይ ርዕሰ መምህር ሳለሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ቁጭ አድርጌ አስተምራችሁ ነበር። ዘዴው ከራሴ የፈለቀ ስለሆነ እኮራበትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሚዛን ካለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት «ለዲፕሎማ ሥልጠና አንድ መምህር ምረጡ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እንመርጣለን፣ እንሸኛለን። የተሸኘው ሰው ሠልጥኖ ሌላ ከተማ ይመደብና ሸኮን በሕልሙም አያያትም። ታዲያ ማንን ልላክ? ቢቀርብኝ የማያጎድልብኝን ነዋ።

መምህር ላምቦሬን ግን እንዴት ልልቀቀው? ከከምባታ መጥቶ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ድምፁ አልሰማ ሲል ሁሉንም ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ክፍለ ጊዜውን የሚጨርስ ሰው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በስሙ ትይዩ «ለትምህርት ቤቱ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ ሊለቀቅ አይችልም» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስጋና አለ? ሲጠይቀኝ ደግሞ የበላይ አካል አልፈቀደም እለዋለሁ። በዚያ ዘመን የበላይ አካል ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ሌሎቹ መምህራን ዘዴዬ ቶሎ ገባቸው። ማርፈድ አበዙ። አንዱማ ደብተር ማረሙን እርግፍ አድርጎ ተወና በዓመቱ ለሥልጠና ተሸኘ። ያልገባው ላምቦሬ ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ ከእሱ መስሎት ይብሱን ይተጋ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ራሱ ሚዛን ድረስ ሄዶ ጠየቀ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ፋይሉን አውጥታ የእጅ ጽሑፌን አሳየችው። በማግሥቱ ቢሮዬ ገባ። ሁልጊዜ ጋሼ ይለኝ የነበረው ሰው ያን ቀን ጓድ አለኝ።

«ጓድ ርዕሰ መምህር፣ ባለቤቴ የሸኮ ልጅ ናት። የተከልኩት ቡና ገና ዘንድሮ ማፍራቱ ነው። ብሄድ የት እቀራለሁ ብለው ነው?»

አንድ ቀን እንኳ ይህን ጠይቄው አላውቅም። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ወሩ ሳይሞላ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ የቡና እርሻ ተቀጠረ። እርሻው ገና በመጀመሪያው ዓመት ለሥልጠና ላከው። ላምቦሬም ሠልጥኖ በተባለው ቀን ወደ እርሻው ተመለሰ። ከሚዛን የመጣው አውቶቡስ በትምህርት ቤታችን ፊት ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። ወጥቼ ሰላም እንዳልለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ተተኪ ስላልተገኘ ሒሳቡን የማስተምረው እኔ ነበርኩ።