የመነጽር ቤቷ ደራሲ

«መንገዱ ረዘመ፣ ጫማዬም አለቀ፣
ም-ም-ም-ም-ም… ጀንበሩ ጠለቀ…»

ይህች መሃሏ የጠፋ ዘፈን ከወጥ ቤት በኩል ከተሰማች ክብርት ደራሲ እየጻፉ ነው ማለት ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት ይራመዳል። ክብርት ደራሲ ታላቅ እህቴ ናት። የዘፈኑን የጎደለ ስንኝ እኔ ታናሽ ወንድሟ አውቀዋለሁ፣ ግን አልነግራትም። ከነጉድለቱ ነው የሚያምረው።

የልጆች መጽሐፍ የሚያነብ ትልቅ ሰው የሌለበት ቤት የለም። አብዛኞቹ ይደብቃሉ። መጽሐፉን በጋዜጣ ይሸፍኑታል፤ ድንገት ከደረሳችሁባቸውም «ለእህቴ ልጅ ልገዛላት እያየሁት ነው» ይላሉ። እህቴ ግን ሃምሳ ዓመት እየተጠጋት፣ ሽፋኑ ላይ ብስክሌት የምትነዳ ልጅ ያለችበትን የወጣቶች ልብወለድ አውቶቡስ ውስጥ ዘርግታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ሰው የሞተባት መስሏቸው ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷም ማንም እንዳልሞተ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ሊቀይር በመሆኑ ጓደኛው ብቻዋን ልትቀር እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ አብረዋት ሲያዝኑ መውረጃቸው አለፋቸው።

የትልልቅ ሰዎችን መጽሐፍ ለምን እንደማታነብ ጠይቄያት ነበር። «እዚያ ሰው በር ዘግቶ ከወጣ ወጣ ነው» አለችኝ። «የልጆቹ ላይ ግን ለምን እንደወጣ የሚጠይቅ አይጠፋም።»

ማንበቡ ሲበረታ መጻፍ መጣ፣ መጻፍም አመሉን ይዞ መጣ። አሁን እያንዳንዱን ምዕራፍ ሁለቴ ታነባለች፤ «አንዱ ለእንባዬ፣ አንዱ ለሙያዬ» ትላለች። አሳንሰር ውስጥ ተማሪዎች ሲያወሩ ከሰማች የራሷን ፎቅ አልፋ ትወጣለች። የምትጽፈው ቆማ፣ ወረቀቷን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አድርጋ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የምግብ ሕጓ ነው። የጻፈቻት ልጅ ችግር ላይ ካለች ክብርት ደራሲ ገበታ አይቀርቡም። ሳህኗን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ ትበላለች። «እሷ ደጅ ቆማ እኔ ወንበር ስቤ ልቀመጥ?» ትለናለች።

ልጅቷ ከእናቷ ተጣልታ፣ በሩን ወርውራ፣ ዝናብ ውስጥ የወጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። እውነተኛው ዝናብ አባርቶ ልብስ ደርቋል፤ የእህቴ ዝናብ ግን ገና ይወርዳል። መግቢያ አጣችላት። እናትየው በሩን ስትከፍት ምን እንደምትላት መጻፍ አቃታት። መሳቢያዋ ውስጥም እንዲሁ ሳያልቁ የቀሩ ታሪኮች ሞልተዋል። የመጀመሪያዋ አንባቢ የእኔ ልጅ ናት፣ የአሥራ አራት ዓመት ኃያሲ፣ ምሕረት የማታውቅ። «አክስቴ፣ የጀመርሻቸውን ልጆች በሙሉ እኮ ደጅ አስቀረሻቸው» አለቻት። እህቴ በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ይህችኛዋም ካልገባች መጻፉን ትታ ማንበብ ብቻ እንደሚሻላት ነገረችኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን ሳይ ቀልድ አልነበረም።

እህቴ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። የማንበቢያ መነጽር የሚገዛ ደንበኛ ዓይኑን የሚፈትንባት አንዲት ገጽ ትሰጠዋለች፤ ገጿ የማን እንደሆነች መገመት አይከብድም። ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር መነጽራቸውን ገዝተው ሄዱና ተመለሱ። አልያዘልኝም አሉ። እህቴ ደንግጣ እንደገና ለካች፣ መስተዋቱን ቀየረች፣ አዲስ ገጽ ሰጠቻቸው። ደስ ብሏቸው ሄደው አሁንም ተመለሱ። እሷ እጇን ልትጠራጠር ስትደርስ ሰውዬው አፍረው እውነቱን አወጡት።

«ዓይኔስ ደህና ነው ልጄ። ያቺ ልጅ ገባች ወይስ አልገባችም?»

«አልገባችም ጋሼ።»

«ምነው፣ ብርዱ አያሳዝንሽም?»

በዚያው ሳምንት ለእናትየው የንግግር ዓይነት ሁሉ ጻፈችላት፤ የቁጣ፣ የይቅርታ፣ የምክር። የእኔዋ ኃያሲ ሁሉንም አንብባ «እናት በር ላይ ስብሰባ አትጠራም» ብላ መለሰችላት።

ቅዳሜ ዕለት ይህችው ልጄ ጸጉሯን በወጥ ቤት መቀስ ቆርጣ ብቅ አለች፤ ግማሹ አጭር፣ ግማሹ ረጅም። እኔ አንድ ቃል ተናገርኩ፣ እሷ ሁለት መለሰች፣ በሩ ተወረወረ። ምሳ ቀረበ፣ እሷ የለችም። እህቴ ማቀዝቀዣው ጋ ሳህኗን ይዛ ቆማለች። እኔ ስለ ጸጉር፣ ስለ መከባበር፣ ስለ አባቴ የሚያትት ንግግር በሆዴ አዘጋጀሁ፤ ማማሩን ብታዩት።

ደወሉ ተደወለ። ከፈትኩ። ልጄ የሸሚዜን ኮሌታ እያየች ቆማለች። ንግግሬ ከነመግቢያው ጠፋብኝ።

«ግቢ፣ ሩዙ ሊቀዘቅዝ ነው» አልኳት። «ጫማሽን ግን አውልቂ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»

«እሺ» ብላ አወለቀች። አለቀ፣ ይኸው ነው።

ከኋላችን ሳህን ማቀዝቀዣው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «ማንም እንዳይናገር» አለች እህቴ፣ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ውስጥ መዝዛ። እኔና ልጄ ተቀምጠን ያለ ድምፅ አኘክን። ከቆይታ በኋላ አነበበችልን። የእናትየው ንግግር በሙሉ ተሰርዟል። እናትየው በሩን ትከፍታለች፣ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ታያታለች፣ ጫማሽን አውልቂ ትላታለች። ልጅቷ ትገባለች።

ኃያሲዋን ጠበቅን። ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀርታለች።

«አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለች። «እናትየው ወለሉን የወለወለችው ቆሽሾ አይደለም። ልጅቷን ስትጠብቅ እጇን የምታደርግበት አጥታ ነው። እሱን ጨምሪው።» እኔን አላየችኝም፤ ሩዟ ላይ አቀረቀረች።

እኔ ይህችን እህቴን አፌን ሞልቼ እቦጭቃታለሁ። ግን ሥራ ቦታ ሆኜ ሰማዩ ሲጠቁር «ያቺ ልጅ ምን ሆና ይሆን» የምል ሰው ነኝ። ማቀዝቀዣው አናት ላይ ያለውን ወረቀት እሷ ስትወጣ ጠብቄ የማነብም እኔው ነኝ። ያን ቀን ግን ለሁለት ልጆች በር እንደከፈትኩ ተሰማኝና ሹካዬን ማየት አቃተኝ።

እህቴ ዐረፍተ ነገሩን ጨመረች፣ አራት ነጥቡን አስቀመጠች። ሳህኗን አንስታ ወንበር ሳበች። ላሙቅልሽ ብዬ ብነሳ እጄን ይዛ መለሰችኝ።

«ተወው፣ እንዲሁ ይጣፍጣል» አለች፤ ሁለቱንም ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ጥላ መብላት ጀመረች።