ሊቀ ወገብ ቀናው እና ማርሽ ዴትሮ

የሰው ልጅ ወገቡን ሲያመው ሐኪም አያጣም። ዓይኑን የታመመውን ሁሉም "እግዜር ይማርህ" ብሎት ያልፋል፤ ጥርሱን ለታመመው ፊቱን ያጨማድድለታል። አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ግን ወዮለት፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ይሆንበታል። በየሰፈሩም የእነዚህ አዋቂዎች አለቃ አለ። የአቃቂው አለቃ የባቡር ጣቢያው ትኬት ሻጭ አቶ ቀናው ነበሩ። የጣቢያው ሰው ፊት ለፊት "ጋሽ ቀናው"፣ ዞር ሲሉ ደግሞ "ሊቀ ወገብ" ይላቸዋል።

ጀቤሳ በእጃቸው የወደቀው በመስከረም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሐዲድ ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሁለት ሰው ደግፎ አቀናው። ከዚያ ወዲህ ቆሞ መሄድ አላቃተውም፤ ጎንበስ ማለት ግን የማይታሰብ ሆነ። ካቦው ዱሬሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ ገና እጠብቅሃለሁ አለው። ከዚያ በኋላ ግን ጎንበስ የማይል ሰው ሐዲድ ላይ ምን ይሠራል? ጀቤሳ ደግሞ ከሐዲድ ሌላ ሥራ አያውቅም። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ነበር፤ ሊቀ ወገብም አጥብቀው የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን በሽተኛ ነው።

"ወገብ አይታመምም" አሉት በትኬቱ መስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው። "ወገብ ይከፋዋል። ማባበል ነው።"

ማባበሉ በበር ተጀመረ። ጠንካራ ነገር ላይ መተኛት አለበት ተባለና፣ ጀቤሳ የቤቱን በር ነቅሎ መሬት ላይ አጋድሞ ተኛበት። ወገቡ ምን እንደተሰማው እንጃ፣ የጎረቤት ፍየሎች ግን በጣም ደስ አላቸው፤ ሚስቱ ዳሲቱ በሦስተኛው ቀን አንዲቷን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። በሩ ወደ ቦታው ተመለሰና ሙቀት ታዘዘ። እርጥብ ብርድ ልብስ ጀርባው ላይ ተነጠፈ፣ ዳሲቱም በከሰል ካውያ ተኮሰችው። የሠርጉ ሸሚዝ እንኳ እንደዚያ አልተተኮሰም። ለጊዜው ቀለል አለው፤ ሲነጋ ያው ሆነ።

በኅዳር የባቡሩ ሐኪም መጣ። ፈረንሳዊ ነው፤ ጀቤሳን አገላብጦ አየውና ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ሰጠው። ያን ቀን አስተርጓሚ አልነበረም። ሊቀ ወገብ ግን ሠላሳ ዓመት ከፈረንጅ ጋር "ቦንዡር" ሲባባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩ፣ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ማርሽ ይላል" አሉ በመጨረሻ። "ገባኝ። ወገብህ ማርሹን ስቷል። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ፊት ብቻ ነዳኸው። አሁን የሚያስፈልገው ማርሽ ዴትሮ ነው።"

ማርሽ ዴትሮ ሹፌር መኪናውን ኋላ ኋላ ሲነዳ የሚያስገባው ማርሽ ነው። እናም ከማግስቱ ጀምሮ፣ የጠዋቱ ባቡር ጣቢያውን እንደለቀቀ፣ ጀቤሳ ወደ ወንዙ ድልድይ ኋላ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሊቀ ወገብ ፊት ለፊቱ ሆነው ሁለት እጆቹን ይዘው ይመሩታል። አፋቸው ላይ ፊሽካ አለ፤ አንዴ ከተነፋ ድንጋይ፣ ሁለቴ ከተነፋ ጉድጓድ ነው። ወደ ጥጥ ፋብሪካው የሚሄዱ ሴቶች "ሙሽሮቹ መጡ" እያሉ ይስቃሉ። ዳሲቱ አፍራ በሌላ መንገድ ወንዝ መውረድ ጀመረች። ጀቤሳም ያፍራል፤ ግን ገና እየቀረበ ነው።

የሰው ዓይን ላለማየት አንገቱን ስለሚደፋ፣ የሚያየው የሊቀ ወገብን ጫማ ብቻ ነበር። ክሩ ታስሮ አያውቅም። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው የጫማ ክራቸውን አቧራ ላይ እየጎተቱ መሄዳቸው ይገርመው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከባሕር ዛፎቹ አላለፉም። በሦስተኛው ድልድዩ ደረሱ። በአራተኛው ጀቤሳ ከአልጋ ሲነሣ "ወይኔ" ማለቱን እንደተወ ዳሲቱ ነገረችው።

ለገና ሳምንት ሲቀረው ሐኪሙ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ነርሷ አስቴር ታስተረጉማለች። ጀቤሳ ሊያመሰግን ሄዶ፣ ኋላ ኋላ እየሄደ እንደተሻለው ተናገረ። አስቴር ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ማርሽ ማለት እኮ በፈረንሳይኛ በእግር መሄድ ነው" አለችው። "በየቀኑ በእግርህ ሂድ ነው ያሉህ። እንደ ሰው፣ ወደ ፊት።"

ጀቤሳ ጆሮው እየጋለ ወጣ። ከወር በላይ የአቃቂ መሳቂያ ሆኖ ከርሟል። ለሊቀ ወገብ የሚላቸውን በልቡ እየደረደረ ወደ ጣቢያው ገሰገሰ። ትኬት ክፍሉን በርግዶ ሲገባ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ግንባራቸው አልቦታል። እጃቸው ወደ ጫማቸው ሊወርድ ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል። ጀቤሳ ያንን አቀማመጥ በደንብ ያውቀዋል፤ ራሱ ሦስት ወር ተቀምጦበታል።

"ወገብዎን ያምዎታል እንዴ፣ ጋሽ ቀናው?"

"ወገብ አይታመምም።"

"እሺ፣ ከከፋው ስንት ጊዜው ነው?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ባለቤቴ ወርቅነሽ ካረፈች አራት ዓመቷ። ክሩን የምታስርልኝ እሷ ነበረች።"

በየጠዋቱ ወደ ድልድዩ የሄዱት እንግዲህ በዚያ ወገብ ነው፣ የሌላ ሰው እጅ ይዘው። ጀቤሳ ይዞት የመጣው ቁጣ የት እንደገባ አላወቀም። ጎንበስ አለና ሁለቱንም ክር አሰረ፤ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሁሉ መጨረሻ ላይ ጠበቅ አደረጋቸው። ምን እንዳደረገ የገባው ቀና ሲል ነው። የጫማ ክር ከሐዲድ ብሎን ዝቅ ይላል።

ሊቀ ወገብም አይተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

"ሐኪሙ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁት፣ ፈራ ተባ እያሉ።

"ማርሽ ዴትሮ ነው ያሉት" አለ ጀቤሳ። "በትክክል ነው ያነበቡት። ከነገ ጀምሮ ግን ኋላ ኋላ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።"

ፊሽካውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።