የባሕሩ አውሬና የባላምባራስ ልጅ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጠራል፣ አልክድም፤ ግን ይህን የተናገሩት ሰው ሽማግሌ ልከው ሚስት ሲጠይቁ እንዳልነበር እምላለሁ። እናንተስ ብትሆኑ፣ ልጅቱ ለሌላ ከተዳረች በኋላ እውነቱ ቢጠራላችሁ ምን ትሠሩበታላችሁ?

ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ ሆሳዕና ከተማ ጸሐፊ ነበርኩ። የባላምባራስ ወልዴን ልጅ አስካለን ለመጠየቅ አስቤ ሳለ፣ እቤታቸው ድግስ ላይ አፌ አላርፍ አለ። አዲስ አበባ ስማር የፈረንጅ መምህራችን በሥዕል ያሳዩንን፣ ሰው ሳይፈጠር በባሕር ይኖሩ የነበሩ አውሬዎች አነሣሁ። አንዱ አንገቱ ከቀረው ገላው የሚረዝም፣ በእግር ፈንታ አራት መቅዘፊያ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ የሚገኝበት። ሌላው ዓይኑ ሰሐን የሚያህል፣ ዓሣ መስሎ እንቁላል የማይጥል፣ ልጁን እዚያው ውሃ ውስጥ የሚወልድ። ሁለቱም ለመተንፈስ ብቅ ይላሉ።

«እንደ ጉማሬ?» አሉ ባላምባራስ፤ ቦዮ ሐይቅ ጉማሬ አድነው ያውቃሉ።

«እንደ ጉማሬ፤ ግን ወገናቸው ከእንሽላሊት ነው» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ሞኙ አድናቆት መሰለኝ።

የላክኋቸው ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ባላምባራስ «ልጄን ለውሸታም አልሰጥም፤ ድንጋይ የሚውጥ እንሽላሊት አለ የሚል ሰው ነገ እሷን ምን ብሎ ሊያታልላት ነው?» ብለዋል። ልከራከር ስነሣ፣ ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው፣ ከሌሞ ጎሣ የሆኑት አቶ ሄራሞ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አውሬው እንደሆነ ሞቷል። ሚስት የምትፈልገው አንተ ነህ።»

ባላምባራስ በስንት ልመና እንደገና ሲቀበሉን ፊታቸው ቆሜ፣ «ለጨዋታ የፈጠርኩት ነው፤ እንዲህ ያለ አውሬ ኖሮ አያውቅም» አልኩ። ሽማግሌዎቹም «ልጅነት ነው» ብለው ዋስ ሆኑኝ። ባላምባራስ ሣቁ፤ መረቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኀፍረት ከሠርግ ጠጅ ጋር አብሮ የሚወርድ መስሎኝ ነበር። አይወርድም።

በጫጉላው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ቀና ብላ አይታኝ የማታውቀው አስካለ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ያን ዕለት ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ስሰማዎት ነበር» አለች። «አባቴ እምቢ ሲሉ በእናቴ ያስለመንኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አላገባም ብዬ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ድንጋዩን የሚውጡት ለምንድን ነው?»

መምህራችን የነገሩንን አልረሳሁም፤ ምናልባት ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ እንዲከብዱ ይሆናል ብለውን ነበር። ግን ሚዜዎቼ ከደጅ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ነገር ደግሞ ባላምባራስ ጆሮ ለመድረስ እግር አያጣም።

«ተይው፣ ውሸት ነው» አልኳት።

ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ «ታዲያ እኔ ማንን ነው ያገባሁት?» አለች።

ይኸው ልጆች ድረን የልጅ ልጅ አየን። እስካሁን አልመለስኩላትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።