ጋሽ ወልዴ የሚያለቅሱላቸው ፍቅረኞች

መጽሐፍ ውስጥ ላሉ ፍቅረኞች እያነባ፣ ለጎረቤቱ ግን አንዲት ጠብታ እንባ የሚሰስት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዘመሮ ከተማ ላይ ልብወለድ ሳከራይ አጋጥሞኛል። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ ዘር የሚያስቆጥሩት እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከሰባት ቤት በታች ከተዛመዱ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ «ጥሩ ነው፣ ያንብቡት» ብዬ የሰጠኋቸውን መጽሐፍ መለሱልኝ። ለብቅል የተዘፈዘፈ ገብስ እንኳ እንደዚያ አይርስም! ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሽማግሎች ናቸው!» አሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በዘመድ አሳበው ለያዩአቸው እኮ! አሁን ስድስት ቤት ዘመድ ይባላል?»

እኔንና እጮኛዬን ብዙነሽን ቆጥረው «ስድስት ቤት ናችሁ፣ አይሆንም» ያሉን እኒሁ ሰው ናቸው። ብዙነሽ ዛሬ ራቤል ከተማ የሰው ሚስት ናት።

«እኛንስ፣ ጋሽ ወልዴ?» አልኳቸው።

«የናንተማ እውነት ነው፣ ልጄ። በእውነት ይቀለዳል?» አሉና ወደ መደርደሪያው ጠቆሙኝ። «በል አሁን መጨረሻው ላይ የሚጋቡበትን ፈልግልኝ።»

እየፈለግኩላቸው ነው። ብዙነሽ ከተዳረች ጀምሮ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው።